አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ ሰው

ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጠረጠርሁት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውም ቀን ጠርጥሬው ነበር፤ እኔ ሰው መጠርጠር የሚቀናኝ ሴት ነኝ። ደብረ ታቦር ላይ መጽሐፍ መሸጥ ደግሞ ጠባይ አያሻሽልም። ቆሞ አንብቦ ጨርሶ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» የሚል አለ። ስልክ የሚያወራ መስሎ ገጹን ፎቶ የሚያነሳ አለ። አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህርማ ሙሉ ልብ ወለድ በአምስት የምሳ ሰዓት ጨርሶ፣ በስድስተኛው ቀን መጥቶ መጨረሻው እንዳላስደሰተው ነግሮኝ ሄዷል።

ይኼኛው ግን አያነብም፣ ፎቶም አያነሳም። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ከኮቱ ላይ ጋቢ የደረበ ገበሬ ነው። ወሩ ሰኔ ስለሆነ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው፤ በሩ ላይ በደንብ ጠርጎ ይገባል። ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፣ ከዚያ መደርደሪያውን ቀና ብሎ ሳያይ ያችኑ ቃል ይናገራል።

«እኅቴ፣ ያን የመምህር ውቤን መጽሐፍ ስጭኝ። ሦስት ይሁን። ለስጦታ ነው።»

«ለስጦታ ነው» የሚለው ቃል እኔ ዘንድ ተራ ቃል አይደለም። ከተማው የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ሰው ለሰው መጽሐፍ መስጠት ሲፈልግ «እመቤት ዘንድ ሂድ፣ ትመርጥልሃለች» ይባላል። እኔም ከመምረጤ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ተቀባዩ ዕድሜው ስንት ነው፣ በቅርብ ሰው ሞቶበታል ወይ፣ የመጽሐፍ መጨረሻ ቀድሞ የሚያይ ዓይነት ሰው ነው ወይ። ለሙሽሮች ግለ ታሪክ አልሰጥም፤ ግለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ትዳሩ ወይ ምንም አይናገርም ወይ ከልክ በላይ ይናገራል። ተዛውሮ ለሚሄድ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ ሲሸኘው መጽሐፍም ይጨምርለታል፤ ለእሱ ወፍራም ልብ ወለድ አወጣለሁ፣ አዲስ አገር ገብቶ ሰው እስኪለምድ ድረስ ያቆየዋል። ለታመመ ሰው አጫጭር ታሪኮች፣ እጅ የማያደክም ቀላል መጽሐፍ። ጡረታ ለወጣ ደግሞ በገዛ ሙያው የኖረ ሰው የጻፈው ግለ ታሪክ ነው፤ «እኔ ብጽፈው ከዚህ ይሻል ነበር» እያለ በደስታ ይጨርሰዋል።

ለሁሉም የምጨምረው አንድ ነገር አለ። «ይህን እኔ ራሴ አንብቤ ጨርሼዋለሁ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። የጀርባውን ጽሑፍ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾችና መጨረሻውን አነባለሁ። መሐሉን አንባቢዎቹ ሲመለሱ ከአፋቸው እየለቀምሁ ለሌላው እነግራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ ማንም አልደረሰብኝም፤ እኔም ነውር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመምህር ውቤ መጽሐፍ «ጠመኔና ብርድ» ይባላል። ሰውየው በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሠላሳ ዓመት አስተምረው፣ ጽፈው፣ ሳያሳትሙት ሞቱ። ልጃቸው ፋሲካ ባሕር ዳር አሳትማ፣ ባለፈው ኅዳር ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት ጠብቃ ካርቶኖቹን አመጣችልኝ። «እትየ እመቤት፣ የአባቴን ነገር አደራ» ብላ አለቀሰች። አሥር ገጽ አነበብሁ፤ ብርዱ፣ ጠመኔ የማይዘው ሰሌዳ፣ በበቅሎ የሚመጣው ደመወዝ፤ ደስ አለኝ። መጨረሻውን አየሁ፤ ምርቃት ነው። በቃ፣ ለስጦታ የሚሆን መጽሐፍ አገኘሁ ብዬ ለመጣው ሁሉ ማቅረብ ጀመርሁ።

ለአባቴም ሰጥቻቸዋለሁ። አባቴ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው ጉና አካባቢ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ስለዚያ ዘመን ግን ብዙ አያወሩም። የገና ዕለት ሰጠኋቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጄ እንዲህ ብዬ ጻፍሁበት፤ «አባየ፣ እኔ አንብቤ ጨርሼዋለሁ። እርስዎም ሲጨርሱ እናወራለን።» ቢያወሩኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። ደግነቱ አላወሩኝም። ምሳ አብሬያቸው የምበላበት እሁድ እየመጣ ሲሄድ ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም ተመስገን ብዬ ዝም አልሁ።

ሌላ ነገራቸው ግን ተለወጠ። ምሳ እየበላን ሳላያቸው ያዩኛል፣ ቀና ስል ዓይናቸውን ይመልሳሉ። ከበራቸው አልፈው የማይሸኙ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኙኝ ጀመር። ሕመም ደብቀውኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ እኔም ባሌን ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ሳምንቱን የምታቆመኝ ያች የእሁድ ምሳ ናት። አባቴን አጣቸዋለሁ የሚለው ሐሳብ ሲመጣብኝ ሌላ ሥራ ፈልጌ እጀምራለሁ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ሰውየው የመጣው። መጀመሪያ ሌባ ነው አልሁ። ፎቶ ኮፒ አብዝቶ ሊሸጠው ነው ወይም ቴሌግራም ላይ ሊበትነው ነው። ግን ለዚያ አንድ ቅጂ ይበቃዋል፤ ሦስት ሦስት ምን ያደርግለታል? ቀጥሎ ሐሙሲት ገበያ ወስዶ አስወድዶ ይሸጠዋል አልሁ። እሱም አልመስል አለኝ፤ እዚያ ሽንኩርት ሊሸጥ የመጣ ሰው የሟች መምህር ታሪክ ተሻምቶ ሲገዛ አልታየኝም። በአራተኛው ጊዜ ሲመጣ ያዝሁት።

«ስጦታው ለማን ነው?» አልሁት።

«ለአንባቢ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ትንሽ አሰበ። «ሁለቱም አሉበት።»

«እንዲያ ከሆነ ለሴቷ ጥሩ ልብ ወለድ አለኝ። እኔ ራሴ አንብቤ...»

«የለም፣ ይኸው ይሻላታል።»

«እሽ፣ በስጦታ ወረቀት ልጠቅልልህ?»

«ተይው እኅቴ፣ በዚህ ይሆናል» ብሎ የማዳበሪያ ከረጢት ከጋቢው ሥር አወጣ። ሦስቱን መጽሐፍ እንደ ድንች አስገብቶ አፉን አሰረው። የስጦታ መጽሐፍ በማዳበሪያ ከረጢት! ደሜ ፈላ። ይህ ሰው የሚሰጠው ሰው የለም፤ መጽሐፉን ከገበያ እየለቀመ ነው።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። በአምስተኛው ጊዜ ሲመጣ ሦስቱን ሰጥቼው «በል እንግዲህ፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ አለቀ» አልሁት።

«አለቀ? ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«እግዜር ይመስገን!» አለ። ፊቱ በራ። ዕቃ አለቀብህ ሲሉት የሚያመሰግን ደንበኛ በዕድሜዬ አላየሁም።

«አይ፣ ለካ ጓዳ አንድ ካርቶን ቀርቶኛል» አልሁት ወዲያው።

እንደዚያ ሲከፋው ሳየው ለመሳቅ ሁሉ ቃጣኝ። «እንግዲያ ሰሞኑን እመለሳለሁ» አለና ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ጊዜው ከቀትር በፊት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል። ሱቁን ቆለፍሁና ተከተልሁት።

ባጃጅ አልያዘም። የጋፋትን መንገድ ይዞ፣ ለሚያውቀው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሳ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እኔ በዣንጥላዬ ፊቴን ሸፍኜ ከኋላው ነኝ። የመምህር ውቤ ጠላት ማን ይሆን እያልሁ አስባለሁ። የተበደለ ወንድም? መሬት የተካሰሰ ጎረቤት? ለልጃቸው ለፋሲካ ምን ብዬ እንደምነግራት ሁሉ አዘጋጀሁ። ሰውየው ከአስፋልቱ ወርዶ የባሕር ዛፎቹን አለፈ፤ የማውቀውን የቆርቆሮ በር ሳያንኳኳ ገፋ አድርጎ ገባ።

የአባቴ በር ነው።

ከዛፉ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ አባቴ ከመስከረም ጀምሮ መሬታቸውን በእኩል የሚያርስ አዲስ ሰው መያዛቸውን፣ ስሙም ዘውዱ መሆኑን ነግረውኝ ነበር። እሁድ እሁድ ስለማይመጣ አይቼው አላውቅም። ልግባ አልግባ ስል ቆየሁና ተመለስሁ። አባቴ ከእኔው ሱቅ፣ በሰው እጅ፣ ተደብቀው የሚገዙት ምን ቢኖር ነው? ሰው የገዛ ልጁን እንዲህ የሚሸሸው በምን ምክንያት ነው?

ሱቄ ገብቼ ከውስጥ ቆለፍሁና «ጠመኔና ብርድ»ን ከአሥራ አንደኛው ገጽ ጀመርሁ። በዚያ መሐል አንድ ነገር እየመጣ ይረብሸኝ ነበር። ሀብታሙ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር በየካቲት መጽሐፉን ገዝቶ፣ በሳምንቱ ተመልሶ፣ «አንቺ ግን በእውነት አንብበሽዋል?» ብሎኝ ነበር። «እንዴታ! ሁለት ጊዜ» አልሁት። አተኩሮ አየኝና «ጀግና ነሽ» አለኝ። ሊያሽኮረምመኝ ፈልጎ ነው ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሁት።

ገጽ መቶ አርባ ሦስት ላይ ደረስሁ።

መምህር ውቤ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ስለነበረች ትእዛዝ ስለምትባል ተማሪያቸው ይጽፋሉ። ጉና ሥር ካለ መንደር ሁለት ሰዓት በእግሯ እየመጣች የምትማር ልጅ ናት። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ወሰደች፤ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆና አለፈች። ወደ ደብረ ታቦር ወርዳ ሰባተኛን ትቀጥል ነበር። አባቷ ግን ሊድራት ቃል ገብቷል። ውጤቱ በመጣ ሰሞን አባትየው አንድ ሙክት እየጎተተ ወደ ዳይሬክተሩ ወደ አቶ ደምሴ ቤት መጣ። በማግስቱ አቶ ደምሴ ልጅቱን ጠርቶ «ወድቀሻል» አላት። ጥር ላይ ተዳረች። የውጤቱን ወረቀት መምህር ውቤ በዓመቱ ከቢሮው መሳቢያ አገኙት።

ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሙክቱ የታረደው ለሴት ልጁ ክርስትና ነው። ሁላችንም ተጠርተን በላን። እኔም በልቻለሁ። ወረቀቱን ካየሁ በኋላም ዝም አልሁ፤ ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።»

የአባቴ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። በሰባ ስምንት ግንቦት ተወለድሁ፤ በሰማንያ ቀኔ ነሐሴ ላይ ክርስትና ተነሣሁ።

አፈርሁ፤ ከዚያ ተናደድሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣና ሁለቱንም ዋጣቸው። ይህን መጽሐፍ ለአባቴ የሰጠሁት እኔ ነኝ። «አንብቤ ጨርሼዋለሁ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። «ሲጨርሱ እናወራለን» ብያለሁ። በሰባት ወር ውስጥ ለስንት ሰው «ይኼ ለስጦታ ጥሩ ነው» ብዬ የአባቴን ነውር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁ?

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሄድሁ። አባቴ በረንዳቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ያለ ቀኔ መምጣቴን ሲያዩ ተነሱ።

«አባየ፣ ዘውዱን መጽሐፍ የሚያስገዙት እርስዎ ነዎት?»

«ደረስሽበት እንግዲህ» አሉ። አልካዱም። ወደ ጓዳ ወስደው ገብስ የሚቀመጥበትን ጎታ ክዳን አነሱልኝ። ገብሱ አልቋል፤ መጽሐፎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል።

«ለምን አላቃጠሏቸውም?»

«አስተማሪ ነበርሁ እኮ፣ እመቤት። መጽሐፍ አቃጥዬ ደግሞ ልሙት?»

ተመልሰን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዘውዱ ከግቢው ጥግ ማረሻ ያበጃል፤ እኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ አባቴ ግን ቀደሙኝ።

«በገና ስትሰጭኝ በሦስት ቀን ጨረስሁት። የጻፍሽበትን ደግሜ ደግሜ አነበብሁ። እሁድ ስትመጭ ፊቴ ላይ ትዘጊዋለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ሽሮ ሠራሽልኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቅሽኝ። አንዲት ቃል አላወጣሽም። የሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው። የምታወሪውን እስክትጀምሪ ስጠብቅ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ሆነ። በኋላ ነው የገባኝ።»

«ምን ገባዎት?»

«አውቃ ነው የምትመጣው አልሁ። አውቃ ነው አባየ የምትለኝ። ይቅር ብላኛለች አልሁ።»

«ታዲያ መጽሐፉን ለምን ያሰበስባሉ?»

«የገዛው ሁሉ ያንቺን ክርስትና ያነባላ! አንቺ እውነቱ ይውጣ ብለሽ ትሸጫለሽ፤ ተይ እንዳልልሽ በምን አፌ? ግን በመንገድ ስትሄጅ ሰው እንዲጠቋቆምብሽ አልፈለግሁም። ለእኔ ብዬ አይደለም። ለእኔማ ነገ ልወጣ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ትእዛዝ። በሕይወት አለች። ጉና ሥር እዚያው ነው ያለችው፤ ዘውዱ ጠይቆልኛል፤ በቅሎም አግኝቶልኛል። አርባ ዓመት ፈራኋት። አሁን ልጄ ይቅር ካለችኝ እሷም ፊቴን ታየኝ ይሆናል ብዬ ነው። ድፍረቱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

ፊታቸው ላይ በልጅነቴ እንኳን ያላየሁት ዕረፍት አየሁ። ያን ጊዜ ተጠራጣሪው ልቤ ተነሳ። ይቅርታው የእኔ አይደለም፤ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ዝም ብል እሁዴም ምሳዬም አይነካብኝም፤ አባቴም ደስ ብሏቸው ጉና ይወጣሉ። ግን ያችን ሴት ሄደው «ልጄ ይቅር ብላኛለች» ሊሏት ነው። አንድ ጊዜ በውሸት «ወድቀሻል» ያሏት ሰው፣ ዛሬም የእኔን ውሸት ይዘው በሯ ሊቆሙ ነው። እሱን እኔ እንኳን መሸከም አቃተኝ።

«አባየ፣ አላነበብሁትም ነበር።»

«ምኑን?»

«መጽሐፉን።»

ፈገግ አሉ። «አንቺ? አንቺ ሳታነቢ ለሰው መጽሐፍ አትሰጭም። አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

«እሰጣለሁ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምሠራው። አሥር ገጽና መጨረሻውን ነው የማነበው። አገሩን ሁሉ ስዋሽ ነው የኖርሁት። ይህን ያነበብሁት ትናንት ነው፣ ዘውዱን ተከትዬ እዚህ በር ላይ ካየሁት በኋላ።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። ዘውዱ ማረሻውን መቀጥቀጥ አቆመ።

«እነዚያ ሁሉ እሁዶች...?»

«አላውቅም ነበር።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉት። ልይዛቸው ፈልጌ አልያዝኋቸውም።

«እንግዲያ እስካሁን ይቅር ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም» አልኋቸው።

ተነሱ። «ዘውዱ!» ብለው ተጣሩ። «በቅሎዋን አምጣና ጫን።»

«ነገ አይደለም ወይ ያሉኝ? ጉና ላይ ጠቁሯል፤ ዝናብ ይይዝዎታል» አላቸው።

«ጫን ብየሃለሁ።»

ዘውዱ ከጎረቤት በቅሎዋን አምጥቶ እስኪጭን ድረስ ሁለታችንም አልተቀመጥንም። ይዘውት የሚሄዱት ነገር ሊፈልጉ ወደ ቤት ገቡ፤ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ዘውዱ ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣቸው። ኮርቻው ላይ ተስተካክለው ሲቀመጡ ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ፤ አሳዘኑኝ፣ ንዴቴም ግን አልበረደም። ልጓሙን ያዙና እኔን ሳያዩ ጠየቁኝ።

«እሁድ ትመጫለሽ?»

«መጀመሪያ እሷ የምትለውን ልስማ» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘውዱ በቅሎዋን ከፊት እየመራ፣ በቆርቆሮው በር ወጥተው ሄዱ።